«ሎኦ» ያልተባለው ደብዳቤ

አጎቴን ጦናን ያገኙት ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ከአቶ ጌታነህ ሕንጻ ጀርባ፣ ለግንባታ የተቆለለ ጠጠር ላይ፣ በደረቱ ተደፍቶ፣ ዝናብ እየወረደበት። አንድ ጫማው እግሩ ላይ ነበር፣ አንዱ ደሞ ሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ቀርቷል። በረንዳው መከለያ የለውም፣ ሕንጻው ገና አላለቀማ። በቃ፣ ሞቷል። ይሄን ቀስ ብዬ መናገር አልችልም፣ ቀስ ካልኩ አቆማለሁ፣ ስለዚህ እንደመጣልኝ ነው የምነግራችሁ። እኔ ያልነበርኩበትንም እንደነበርኩ አድርጌ አወራዋለሁ፣ ምክንያቱም አብራው የምትሠራውን አዛለችንም ሳጅኑንም አቶ ጌታነህንም እስኪሰለቻቸው ድረስ ጠይቄያቸዋለሁ።

ጊዜው ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት የገባ ሰሞን ነው፣ ጊፋታ፣ የኛ የወላይታ አዲስ ዓመት፣ ሊደርስ ስምንት ቀን ሲቀረው። ሶዶ ሰው ሁሉ ስለ በሬና ስለ ቅቤ ነው የሚያወራው። እኛ ቤት ግን ሬሳ ገባ። ማለቴ ሬሳውም አልገባም፣ ሆስፒታል ነው የቀረው።

ፖሊስ ወደ ላይ ሲወጣ፣ አጎቴ የሰው ጽሑፍ እየጻፈ በሚያትምበት ጽሕፈት ቤቱ፣ ጠረጴዛው ላይ ስቴፕለር የተጫነበት ወረቀት አገኘ። በኮምፒዩተር ተጽፎ የታተመ ነው፣ ፊርማ የለውም። እንዲህ ይላል፦

«እህቴ ጣፈጠች፣ አታልቅስ። ኑሮ ሰለቸኝ። ይቅር በለኝ። እግዚአብሔር ያጽናህ። ጦና።»

ጣፈጠች እናቴ ናት። ማንበብ አትችልም፣ አማርኛም ገበያ ላይ ለመከራከር ያህል ነው የምታውቀው። ስለዚህ ፖሊሱ ወረቀቱን ለኔ ሰጠኝና በወላይትኛ ነገርኳት። እናቴ አላለቀሰችም። ድገሚው አለችኝ፣ ደገምኩት። ጦና እንዲህ አይለኝም አለች። ማን ይሰማታል? የሞተ ሰው ዘመድ ሁሉ እንደዛ ነው የሚለው።

ማታውን ደሞ የነፍስ አባታችን መጡ። ጫማቸው በጭቃ ርሶ፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው፣ መሬት መሬት እያዩ ነገሩን። ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት የለም። ከቤተክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ያለ ጸሎት ነው የሚቀበረው። ሥርዓት ነው፣ እሳቸው አላወጡትም። እናቴ አጎቴን ያሳደገችው እሷ ናት፣ እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ድክ ድክ ይል ነበር፣ እሷ አዝላው ውሃ ስትቀዳ አድጋለች። እና ይሄን ልጅ እንደ ከብት ጉድጓድ ውስጥ ጣይው ልትባል ነው። እስከ ሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ቆዩኝ አለቻቸው። እሺ አሉ። እንግዲህ ያለን ጊዜ እሱ ብቻ ነበር።

ኢንስፔክተር ዓመለወርቅ እሑድ ጠዋት ከአንድ ሳጅን ጋር ቤታችን መጣች። አጭር ናት፣ የወንድ ሰዓት ታስራለች፣ ጃንጥላዋን እንደ ዱላ ነው የምትይዘው። አለቃዋ ወረቀት ከተገኘ ፋይሉን ዝጊው ብሏት ነበር። እሷ ደሞ ፖሊስ ከመሆኗ በፊት ዘጠኝ ዓመት ፍርድ ቤት ታይፒስት ነበረች፣ ፊርማ የሌለው ደብዳቤ አይጥማትም። እስከ ሰኞ ለመነችው።

መጀመሪያ እናቴን አይታ፣ ከዛ ወደኔ ዞረች።

«እናትሽና አጎትሽ በምን ቋንቋ ነበር የሚያወሩት?»

«በወላይትኛ ነዋ።»

«አንድም ቀን በአማርኛ አውርተው ያውቃሉ?»

ሳቄ መጣ፣ በዛ ቀን እንኳን። እንዴት ብለው? እናቴን ጠየቅኳት፣ እሷም ከጦና ጋር አማርኛ ምን ልሆን ብዬ አለች። ኢንስፔክተሯ ወረቀቱን ሰጠችኝና ጮክ ብለሽ አንብቢው አለችኝ። አነበብኩት። አነበብኩት ስል፣ «እህቴ ጣፈጠች፣ አታልቅሺ…» ብዬ ጀመርኩ።

«ቆይ» አለች። «እንደተጻፈው አንብቢ።»

እንደገና አየሁት። አታልቅስ ነው የሚለው። በለኝ። ያጽናህ። ለሴት። አፌ ራሱ አስተካክሎት ነው ያነበበው። ቅዳሜም ለእናቴ ስተረጉምላት ስህተቱ ጠፍቶብኛል፣ በወላይትኛ አንተና አንቺ አንድ ነዋ፣ ወንድም ሆነ ሴት ያው ነው። ለዚህ ነው ቤታችን የሚመጡ አዛውንቶች አማርኛ ሲያወሩ ሴቱን አንተ የሚሉት።

«እሱ እንዲህ ነው የሚያወራው» አልኳት። «ለሴት አንተ ይላል። ሰው ሁሉ ይስቅበታል።»

«ሰው ሁሉ ማን?»

ወረቀቱን መለስኩላት። እሷም አልደገመችውም፣ ግን ዓይኗ ትንሽ እኔ ላይ ቆየ።

ከዛ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄደች። አዛለች ከፍታላት ቆማ ነበር። አዛለች የአጎቴ የሥራ ሸሪክ ናት፣ ወፍራም፣ ተናጋሪ፣ ግራኝ፣ በአሥር ጣት ታይፕ ሶዶ ላይ የሚስተካከላት የለም። ክፍሉ ውስጥ ሁለት ኮምፒዩተር ነው ያለው። የአዛለች ዊንዶውስ ነው፣ ማውስ አለው፣ ስክሪኑ ላይ አበባ አለ። የአጎቴ ደሞ፣ በቃ፣ ጥቁር ነው። ከአንድ የተዘጋ ፕሮጀክት ቢሮ የተገኘ አሮጌ ማሽን፣ ዊንዶውስ የማይሸከም። አጎቴ ሊኑክስ የሚባለውን ጫነበት። ስትከፍቱት ጥቁር ስክሪንና ብልጭ ድርግም የምትል አንዲት ነጭ ጭረት ብቻ ነው። የሚነካ ሥዕል የለ፣ ፎልደር የለ፣ ማውስ እንኳን የለውም። የምትፈልጉትን በቃል ጽፋችሁ ታዙታላችሁ። አማርኛውንም በእንግሊዝ ፊደል ነው የሚጽፈው፣ ከዛ አንድ ትዕዛዝ ሲሰጠው ማሽኑ ራሱ ወደ እኛ ፊደል ይለውጠውና ገጹን አስተካክሎ ያትመዋል። ለሚያየው ሰው የጠንቋይ ድግምት ነው የሚመስለው።

«እኔና እሱ በዚህ ማሽን የተነሳ ሳንጣላ የዋልንበት ቀን የለም» አለች አዛለች፣ ሳትጠየቅ። «ባለጉዳይ ጉዳዩ ሲሠራ ማየት ይፈልጋል። ይሄን ጥቁር ነገር ሲያዩ ይሸሻሉ። ባለፈው ሳምንት ወይ እኔን ወይ እሱን ምረጥ ብዬዋለሁ። እንግዲህ ከፈለግሽ እሰሪኝ።»

«ምን አለሽ?»

«‹አዛለች፣ አንተ አትቆጣ› አለኝ።» ከዛ አዛለች ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ግን እልኸኛ ስለሆነች ቶሎ ተመለሰች። እሱ ሦስት መቶ ገጽ ውስጥ ያለን ቃል በአንድ መስመር ትዕዛዝ ይቀይራል፣ እሷ ግማሽ ቀን ይፈጅባታል፣ ይሄን አትክድም። ደብዳቤም ሲጽፍ ሳያስመረምር አያትምም። ያደረገው እንዲህ ነው፤ በአማርኛ ተሳስቶ የተሳቀበትን እያንዳንዱን ንግግር አንድ ፋይል ላይ ይመዘግባል፣ ለዓመታት። የጻፈውን ጽሑፍ ከዛ ፋይል ጋር የሚያስተያይ ትዕዛዝ ሠራና ስሙን «ሎኦ» አለው፣ በኛ ቋንቋ ጥሩ ማለት ነው። ጽሑፉ ውስጥ አንድም የድሮ ስህተቱ ከሌለ ማሽኑ «ሎኦ» ብሎ ይጽፋል። ካለ ግን ስህተቱን አውጥቶ ፊቱ ያስቀምጥለታል። «ሎኦ» ሳይባል አንድ ደብዳቤ ከዚህ ክፍል አልወጣም።

ኢንስፔክተሯ ወረቀቱን አሳየቻት። አዛለች ወደ መስኮቱ ወሰደችው፣ ገለበጠችው፣ ከዛ ፊቷ ተለወጠ።

«ይሄ የኔ ፊደል ነው» አለች። «የሱ ማሽን ፊደል ቀጭን ነው። ይሄ ከኔ ኮምፒዩተር ነው የወጣው።» ትንሽ አሰበችና፣ «ከምሳ ስመለስ ማውሴ በቀኝ በኩል ነበር። እኔ በግራ ነው የምይዘው። የሱ ማሽን ደሞ ከሶኬቱ ተነቅሎ ነበር። ጦና ነቅሎ አያውቅም፣ በትዕዛዝ ነው የሚያጠፋው። ቅዳሜ ግርግሩ ስለበዛ ረሳሁት።»

«ይሄን ለማን ተናገርሽ?»

«ማን ጠየቀኝ?»

«እንግዲህ ሌላ ሰው ሲጠይቅሽም አትናገሪ» አለቻት።

አስቡት እስኪ፣ አዛለች ራሷን የሚያስከስስ ነገር ነው በገዛ አፏ የተናገረችው። እኔ ብሆን እንጃ።

አቶ ጌታነህ ታች ሱቃቸው ውስጥ ቆርቆሮና ሚስማር እየሸጡ ነው ያገኘቻቸው። ሬሳውን ያዩት እሳቸው ናቸው፣ ጠጠሩን ዝናቡ እንዳይወስደው ሸራ ሊያለብሱ ወጥተው። ሦስተኛውን ፎቅ ፔንሲዮን ሊያደርጉት ስለፈለጉ አጎቴን ልቀቅልኝ ሲሉት ከርመዋል፣ ይሄን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ተጣልተናል፣ አልዋሽም አሉ። ወረቀቱን ስታሳያቸው አንብበው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ያ ጥቁር ማሽኑ ላይ ነው እንዴ ይሄን የጻፈው? እኔ የሱ ጽሑፍ አይመስለኝም።»

«ለምን?»

መሳቢያቸውን ከፍተው ሦስት ደብዳቤ አወጡ። ሕንጻው በባለቤታቸው በወይዘሮ አባይነሽ ስም ስለሆነ አጎቴ አልለቅም ብሎ የጻፈው ሁሉ ለእሷ ነው። «እርስዎ» የለበትም፣ እሷ እርስዎ ስትባል አረጀሁ እንዴ ብላ ስለምትቆጣ በ«አንቺ» ነው የተጻፈው። ሦስቱም ላይ አንድ ስህተት የለም።

«በአፉ ሚስቴን ‹አንተ› ነው የሚላት፣ አብሬያት የምስቀው እኔ ነኝ» አሉ አቶ ጌታነህ። «ወረቀት ላይ ግን ከኔ የተሻለ ያከብራታል። ተናድጄም ቢሆን ያስቀመጥኳቸው ለዛ ነው።»

በመጨረሻ ወደ አቶ በኃይሉ ሄደች። አቶ በኃይሉ ኮሌጅ ያስተምራሉ፣ ሶዶ ተወልደው አዲስ አበባ የተማሩ፣ ሲያወሩ ሬዲዮ የከፈታችሁ ነው የሚመስላችሁ። የወላይታ ተረትና ምሳሌ የሰበሰቡበት መጽሐፍ ለጊፋታ ሊመረቅ ነው። የእጅ ጽሑፉን ለአጎቴ ሰጥተውት እሱ ነበር የሚያዘጋጀው። የከተማው ሰው የእሳቸውን ምረቃ ከጊፋታው እኩል ነው የሚጠብቀው፣ እኔም ለምረቃው ግጥም ላነብ ተመርጬ ነበር። ወይኔ፣ አዲስ ቀሚስ ሁሉ አሰፍቻለሁ።

ኢንስፔክተሯን ሳሎናቸው አስገብተው ለስላሳ አቀረቡላት። ከሐሙስ በኋላ አላየሁትም አሏት። ቅዳሜ እቤታቸው ሲያነቡ ነው የዋሉት። ወረቀቱን ተቀብለው ሲያነቡ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ምስኪን» አሉ። «ያንን ጥቁር ማሽኑን ትቶ በአዛለች ኮምፒዩተር ተቀምጦ መጻፉ ራሱ፣ ምን ያህል እንደተጨነቀ አያሳይም? አማርኛውም ያው የራሱ ነው። እስከ መጨረሻው አልተሻሻለም።»

ኢንስፔክተሯ ለስላሳዋን ጨረሰች። ተረቶቹን ከየት እንደሰበሰቡ ጠየቀቻቸው። በእግራቸው እንደሆነ ነገሯት፣ ቤሌ፣ ዲምቱ፣ በዴሳ፣ ጭቃውን እየረገጡ፣ ስምንት ዓመት። አመስግናቸው ወጣች። ሳጅኑ እንደነገረኝ በር ላይ ቆማ የሳቸውን ጫማ አየችው። በጣም ንጹሕ ነበር አለ፣ ግን እሱ ምንም ማለት አይደለም፣ እኔም ጫማዬን እጠርጋለሁ።

ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ሁላችንንም ጽሕፈት ቤቱ ሰበሰበችን። እናቴን፣ እኔን፣ አዛለችን፣ አቶ ጌታነህን፣ አቶ በኃይሉን። የነፍስ አባታችንንም አስጠርታለች። ለሳቸው ወንበር ሰጥታ እኛን አቆመችን። ከበረንዳው በኩል ነፋሱ ይገባል፣ ማንም ወደዛ አያይም።

«ይሄ ሰው ሁለት አማርኛ ነበረው» ብላ ጀመረች። «አንዱ የአፉ ነው፣ እናንተ የምትስቁበት። አንዱ የእጁ ነው። የእጁን አቶ ጌታነህ መሳቢያ ውስጥ አይቼዋለሁ፣ እኔ ፍርድ ቤት ስታይፕ የዳኛ ጽሑፍ እንኳን እንደዛ ንጹሕ አልነበረም። ይሄን ወረቀት የጻፈው ሰው ግን የሚያውቀው የአፉን ብቻ ነው። ጦና ቢጽፍ እንደዚህ ነው የሚጽፈው ብሎ ገምቷል። አዛለች የእጁን ታውቃለች። አቶ ጌታነህም ያውቃሉ።»

አቶ በኃይሉ ፈገግ አሉ። «ኢንስፔክተር፣ ሊሞት የተነሳ ሰው ሰዋስው ያርማል?»

«አያርም ይሆናል። ግን ለማረም ጊዜ የሌለው ሰው ለእህቱ በማያወራት ቋንቋ ለምን ይጽፋል? ሰው ሲጨንቀው በአፍ መፍቻው ነው የሚጮኸው። ይሄ ወረቀት ለእህቱ አልተጻፈም። ለኔ ነው የተጻፈው፣ ለፖሊስ።»

ይሄን ለእናቴ ተረጎምኩላት። እናቴ ራሷን ነቀነቀች፣ ቅዳሜ ነግሬሽ አልነበር እንደማለት።

ኢንስፔክተሯ ወደ አዛለች ዞረች። ከጥቁሩ ማሽን በላይ ግድግዳው ላይ አጎቴ በእጁ የጻፈው ወረቀት ተለጥፏል፣ «እኔ ካልመጣሁ» የሚል፣ ትዕዛዞቹ በተራ የተዘረዘሩበት። አዛለች ለሁለት ዓመት አንድም ቀን አንብባው አታውቅም፣ ስታየውም ትስቅበት ነበር። አሁን ቁጭ ብላ በጣቷ እየተከተለች፣ ያቺ ሳታይ የምትታይፕ ሴት አንድ አንድ ፊደል እየለቀመች፣ የወረቀቱን ጽሑፍ በእንግሊዝ ፊደል አስገባችው። ከዛ «ሎኦ» ብላ አዘዘችው።

ማሽኑ «ሎኦ» አላለም። ሦስት መስመር አወጣ። አታልቅስ። ይቅር በለኝ። ያጽናህ። ሦስቱም ፋይሉ ላይ ነበሩ። እኛ ያላወቅነው ግን ከእያንዳንዱ ስህተት ጎን አጎቴ ሌላም ነገር ይጽፍ እንደነበር ነው፣ የት እንደተናገረው፣ ለማን፣ ማን እንደሳቀ። አዛለች ማንበብ ጀመረችና ወንበሩን ወደኋላ ገፋችው። ኢንስፔክተሯ ወደኔ ጠቆመች፣ አንብቢው ለእናትሽ።

ሦስቱም ላይ ያው ነው የተጻፈው። «በጋሽ ኤርካሎ ለቅሶ፣ ለባለቤታቸው ለእማማ ወለተጊዮርጊስ ያልኩት። የሳቁ፦ በኃይሉ፣ ኤልሻ።»

ኤልሻ እኔ ነኝ። ኤልሻዳይ። ጋሽ ኤርካሎ የአጎቴ አስተማሪ ነበሩ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ነው የሞቱት። እማማ እያለቀሱ አጎቴ ጎንበስ ብሎ «እናቴ፣ አታልቅስ፣ ዘገየሁ ይቅር በለኝ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ» አላቸው። አቶ በኃይሉ ከድንኳኑ ጀርባ ድምፁን አስመስለው ደገሙልኝ፣ እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ እስክታፈን ሳቅኩ። ራሴም አስመስዬ ቤት ውስጥ ስንት ጊዜ ሠርቼዋለሁ። እሱ እያየኝ ይስቅ ነበር። እኔ አብሮኝ የሚስቅ መስሎኝ።

ለእናቴ በኃይሉ ሳቀ አልኳት። ከዛ እኔም አልኳት። እናቴ ዞራ አላየችኝም።

«በለቅሶ የሳቀ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ከሆነ ይቺም ልጅ ትታሰር» አሉ አቶ በኃይሉ።

«ይቺ ልጅ ቅዳሜ እስከ ስምንት ሰዓት ትምህርት ቤት ማካካሻ ክፍል ነበረች፣ ጠይቄያለሁ» አለች ኢንስፔክተሯ። እኔንም አስባኛለች ማለት ነው። «ደሞ ወረቀቱ ከአዛለች ኮምፒዩተር እንደወጣ አታውቅም ነበር። ይሄን እስከ ዛሬ ጠዋት የምናውቀው እኔና አዛለች ነን። ወረቀቱን ለሁላችሁም አሳይቻለሁ። አቶ ጌታነህ በጥቁሩ ማሽን የተጻፈ ነው የመሰላቸው። እርስዎ ግን ሳልነግርዎ ‹በአዛለች ኮምፒዩተር ተቀምጦ› አሉኝ። መጨረሻ ያዩት ሐሙስ ከሆነ ማን ነገረዎት?»

«ፊደሉን ለይቼ ነዋ። ጸሐፊ እኮ ነኝ።»

«እኔ ዘጠኝ ዓመት ታይፒስት ነበርኩ፣ እኔም አልለየሁትም» አለች። «አዛለች፣ ቀጥሎ ያለውን።»

የግድግዳው ወረቀት ላይ «የመጨረሻው ሥራ ከላይ» የሚል ትዕዛዝ ነበር። አዛለች አዘዘችው። ማሽኑ ፋይሎቹን በሰዓታቸው ደረደረ። ከሁሉም በላይ ያለው ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ከሠላሳ አንድ ላይ የተሠራ ነው። ከፈተችው። ሁለት ጽሑፍ ጎን ለጎን፣ መስመር በመስመር የተስተያየ። በግራ የአቶ በኃይሉ መጽሐፍ። በቀኝ ደሞ ጋሽ ኤርካሎ በሕይወት እያሉ አጎቴ ከደብተራቸው እየገለበጠ የጻፈው። አጎቴ ማሽኑን የሚለያየው ላይ ምልክት አድርግልኝ ብሎት ነበር፣ እና ማሽኑ ምልክት የሚያደርግበት አጥቷል፣ ከመግቢያው በስተቀር። ገጽ ሙሉ አንድ ነው። አንድ ተረት ሥር ሁለቱም ላይ «ይሄን ዲምቱ ሳለን ከእናቴ የሰማሁት ነው» ይላል። የአቶ በኃይሉን እናት እናውቃቸዋለን፣ መርካቶ ነው ያደጉት፣ ወላይትኛ አንድ ቃል አያውቁም።

«ደብተሮቹን ከእማማ ወለተጊዮርጊስ ለቅሶው ላይ የተዋሱት እርስዎ ነዎት፣ ትናንት ማታ ጠይቄያቸዋለሁ» አለች ኢንስፔክተሯ። «ሌላ ግልባጭ የለም ብለው አሰቡ። እዚህ ክፍል ስንት ጊዜ ገብተው ይሄን ማሽን አይተዋል፣ ፎልደር የለ፣ ሥዕል የለ፣ ባዶ መሰለዎት። ስለዚህ የሰረቁትን ነገር በዓለም ላይ ግልባጩ ላለው ብቸኛ ሰው ወስደው ሰጡት። ቅዳሜ ጠርቶ አሳየዎት። ያተመውን ቀሙት፣ እሱ ተከትሎዎት እስከ በረንዳው ታገላችሁ፣ እዛ ነው የወደቀው። ከዛ ማሽኑን ነቀሉት፣ ሲነቀል የሚጠፋ መስሎዎት። እዛ ላይ ደብዳቤ መጻፍ ስለማይችሉ አዛለች ወንበር ላይ ተቀመጡ።»

አቶ በኃይሉ መነጽራቸውን አወለቁ፣ አደረጉ፣ እንደገና አወለቁ። ያቺ የሬዲዮ ድምፃቸው የት እንደገባች እንጃ።

«ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ?» አሉ። «የጋሽ ኤርካሎን ስም ሽፋኑ ላይ ጻፍ፣ ካልጻፍክ ጊፋታ ላይ ቆሜ ለሰው እናገራለሁ አለኝ። እሱ። ሴትና ወንድ የማይለይ ሰው። በዛ አማርኛው ሕዝብ ፊት ቆሞ፣ እኔን።»

ሳጅኑ ክንዳቸውን ያዘ። አቶ ጌታነህ ከበሩ ዞር ሲሉላቸው ኮፍያቸውን ሊያነሱ እጃቸውን ሰደዱ፣ ልማድ ነው፣ መሃል ላይ ተዉት።

የነፍስ አባታችን ተነሡና በዘጠኝ ሰዓት ፍትሐቱ ይደረጋል፣ ልጃችን ነው አሉ። ተረጎምኩላት። እናቴ አላመሰገነቻቸውም። ቅዳሜስ ልጃችሁ አልነበረም ወይ በያቸው አለችኝ። ይሄን ግን አልተረጎምኩም፣ እሳቸውም ወላይትኛ ስለሚያውቁ ሰምተው አንገታቸውን ደፉ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሶዶ ወጣ። እውነቴን ነው፣ ከኮሌጁ፣ ከቢሮው፣ ከሱቁ፣ በሕይወት እያለ ሲያወራ አፉን አፉን እያዩ የሚጠብቁት ሁሉ፣ ጥቁር ለብሰው። ፍትሐቱ ሙሉ ተደረገለት፣ ምንም አልጎደለም። አዛለች አልመጣችም፣ ጽሕፈት ቤቱን ቆልፋ የጋሽ ኤርካሎን ደብተር በቀጭኑ ፊደል እያተመች ነበር። አፈሩ ሊመለስ ሲል እናቴ ወደ ጉድጓዱ ጠጋ ብላ ጎንበስ አለች፣ ለወንድሟ አወራችው። ብዙ ነው ያወራችው፣ ቀስ ብላ፣ እንደ ቤቷ፣ ማንም ሳያቋርጣት።

አጠገቤ የቆሙት የኮሌጅ ሰዎች ወደኔ ጎንበስ አሉ። አንዷ እንባዋን እየጠረገች፣ «ምን አለችው የኔ ቆንጆ? ተርጉሚልን እስኪ» አለችኝ።

«አማርኛው ጠፋብኝ» አልኳት።